«ፒክ አፕ» የት የት ይገባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ጎጃም ውስጥ እንግሊዝኛን ለሚማሩና ለሚሠሩበት ነው፦ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ ጣና ላይ እንግዳ ለሚያስጎበኙ፣ በሆቴል እንግዳ መቀበያ ለሚሠሩ፣ ለባጃጅና ለጀልባ ነጂዎች። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በፊደላችን የጻፍነው እንደሚሰማው አድርገን ነው። ግሱ ሁለት ቃል ነው፤ የመጀመሪያው በፒ፣ በአይ፣ በሲና በኬ ይጻፋል፤ ሁለተኛው በዩና በፒ።

«ፒክ አፕ» ስንት ፍች አለው? ሁሉንም መሸምደድ ግድ ነው?

ትልልቆቹ መዝገበ ቃላት ከአሥር በላይ ፍች ይዘረዝሩለታል። ቁጥሩ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል፤ አንዱ ለይቶ የሚጽፈውን ሌላው አንድ ላይ ይጠቀልለዋልና። ዝርዝሩን መሸምደድ ግን ብዙ አይጠቅምም፤ ፍቹን የሚወስነው ከግሱ ጎን ያለው ስም ስለሆነ። መጀመሪያ «ምንን?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዕር ከሆነ ማንሳት ነው። ሰው ከሆነ ሄዶ መውሰድ ነው። ዳቦ ከሆነ ይዞ መምጣት፣ ቋንቋ ከሆነ መልመድ፣ የሬዲዮ ጣቢያ ከሆነ መሳብ፣ የምግብ ቤት ሂሳብ ከሆነ መክፈል ነው። ለ«ምንን?» መልስ ከሌለ፣ ማለትም ግሱ ተሳቢ ካልያዘ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ተሻሻለ ወይም በረታ ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ ስልክ ተነሳ ማለት ነው።

አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይህን ጥያቄ ዘልሎ «ማንሳት ነው» ብሎ ከማለፍ ነው።

ታዲያ «ማንሳት» የሚለው ፍች የት ያዋጣል፣ የት አያዋጣም?

ከመሬት ወይም ከጠረጴዛ ላይ የወደቀ፣ የተቀመጠ ነገር ስናነሳ ሁለቱ ቋንቋዎች ይገጥማሉ። «ፒክ አፕ ዘ ፔን» ብዕሩን አንሳ ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ማንሳትም እንደዚሁ ነው። ከሁሉ በላይ የሚገጥሙት በስልክ ነው፤ «ሺ ዲድንት ፒክ አፕ» ማለት «አላነሳችም» ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ «ስልክ» የሚለውን ቃል መተው ይቻላል። «ኖ ዋን ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ደግሞ «ስልኩ አይነሳም» ነው።

አማርኛው «አነሳ» ግን ከዚህ አልፎ ይሄዳል፤ እንግሊዝኛው እዚያ አይከተለውም። ፎቶ ማንሳት «ቴክ» ነው፤ «ፒክ አፕ ኤ ፎቶ» ያለ ሰው የታተመ ፎቶ ከመሬት አነሳሁ ወይም ከፎቶ ቤት ወሰድኩ ማለቱ ነው። ጥያቄ ማንሳት «ሬይዝ» ነው፤ ጉዳይ ማንሳትም «ሬይዝ» ወይም «ብሪንግ አፕ»። እጅ ማንሳት «ሬይዝ»፣ የሰው ስም ማንሳት «ሜንሽን»፣ እገዳ ማንሳት «ሊፍት»፣ ማዕድ ማንሳት «ክሊር ዘ ቴብል»፣ መሣሪያ አንስቶ መዋጋት «ቴክ አፕ አርምስ» ነው። ክርስትና ማንሳት ደግሞ በግስ ከመፈለግ ይልቅ «ሂ ኢዝ ማይ ጎድፋዘር» ብሎ በስም መናገር ይቀላል። ከእነዚህ ውስጥ በተማሪ ወረቀት ላይ ቶሎ ቶሎ የሚበላሹት ፎቶውና ጥያቄው ናቸው፤ ሁለቱን ከሌሎቹ አስቀድማችሁ ያዙ።

እንግዳን ከሆቴል ወይም ከአውሮፕላን ማረፊያ ስለመውሰድ ሲነገር ምን መጠንቀቅ አለብኝ?

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ግስ በየቀኑ የሚነገረው ለዚህ ሥራ ነውና፣ ሲሳሳቱበትም እንግዳ የሚያስቀር ነው።

አንደኛ፣ «አይል ፒክ ዩ አፕ» ስትሉት እንግዳው ማጓጓዣ ይዛችሁ እንደምትመጡ ይጠብቃል። መኪና፣ ባጃጅ ወይም ጀልባ መሆኑን አብራችሁ ንገሩት። በእግር አብራችሁት የምትሄዱ ከሆነ «አይል ሚት ዩ አት ዘ ጌት» በሉ፤ በር ላይ እንገናኝ ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ ወደ ሆቴሉ መልሶ ማድረስ «ድሮፕ ኦፍ» ነው፦ «አይል ድሮፕ ዩ ኦፍ አት ዩር ሆቴል»።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። ይህን በቅርብ እንየው። የእንግዳ መቀበያዋ አስጎብኚውን ትጠይቀዋለች፦ «ጋሼ፣ የዘጌ እንግዶችን ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚወስዷቸው?» «በሁለት ሰዓት፣ እህቴ።» እርሷም በወረቀት ላይ «ፒካፕ 2፡00» ብላ በሩ ሥር ታስገባለች። እንግዳው ያንን ሲያነብ ከምሳ በኋላ ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት። ጠዋት ጀልባው ሞተር አስነስቶ ሲጠብቅ እርሱ ገና ቁርሱን አልጨረሰም። ስለዚህ ሰዓቱን ቀይሩና የቀኑን ክፍል ጨምሩ፦ «ዊል ፒክ ዩ አፕ አት ኤይት ኢን ዘ ሞርኒንግ፣ ኢን ፍሮንት ኦፍ ዘ ሆቴል»። ስሌቱ አንድ ነው። የእኛ ሰዓት 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 ደምሩ፤ ከ6 በላይ ከሆነ 6 ቀንሱ። 2 ሰዓት 8 ይሆናል፣ 9 ሰዓት 3 ይሆናል። ከእንግዳው ሰዓት ወደ እኛ ስትመልሱም ያው ስሌት ይሠራል። የአውሮፕላን ቲኬት ላይ የሚታተመው በእነርሱ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ።

ሦስተኛ፣ የቃላት ቅደም ተከተል። «ፒክ አፕ ዩ» አይባልም፤ «ፒክ ዩ አፕ» ነው። ሕጉን ወደ ታች ጽፈነዋል።

አውቶቡስ መንገደኛ ሲጭንስ?

ያውም «ፒክ አፕ» ነው። «ዘ በስ ፒክስ አፕ ፓሴንጀርስ አት ደጀን ኤንድ ደብረ ማርቆስ» ሲባል ደጀንና ደብረ ማርቆስ ላይ ሰው ይጭናል ማለት ነው። መንገድ ዳር እጁን የዘረጋ እግረኛን አሳፍሮ መሄድም በዚሁ ይነገራል። ፖሊስ አንድን ተጠርጣሪ ሲወስድም «ዘ ፖሊስ ፒክት ሂም አፕ» ይባላል፤ እዚህ ላይ ያዘው፣ ወሰደው ማለት ነው እንጂ አሳፈረው አይደለም። ማን እንደወሰደው ማየት በቂ ነው።

ከሴት ወይም ከወንድ ጋር ሲነገር ሌላ ትርጉም አለው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ አስጎብኚ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በመዝናኛ ቦታ ያላወቁትን ሰው አናግሮ፣ በፍቅር አማልሎ ይዞ መሄድ «ፒክ አፕ» ይባላል፤ በከተማ ልጆች አነጋገር «መጥበስ» የሚሉት ነው። ስለዚህ «አይ ፒክት አፕ ኤ ገርል አት ዘ ባር» ያለ ሰው እንግዳ ማድረሱን መናገሩ ከሆነ ራሱንም እንግዳዋንም በማይገባ ያስወራል። ሥራችሁን ስትናገሩ «አወር ጌስትስ» ወይም «ዘ ቱሪስትስ» በሉ፤ የምትወስዱበትንም የምታደርሱበትንም ጥቀሱ፦ «አይ ፒክት አፕ አወር ጌስት ፍሮም ዘ ሆቴል ኤንድ ቱክ ሀር ቱ ዘ ኤርፖርት»። ከየት ወዴት የሚለው ሲገባ ጥርጣሬው ይጠፋል። በጽሑፍ ከሆነ «ኮሌክት» የሚለውን ግስ መተካትም ይቻላል፤ በተለይ የብሪታንያ ሰዎች ሰው ከቦታ ሄዶ ለመውሰድ ይጠቀሙበታል።

«ፒክ አፕ ሰም ብሬድ» ዳቦ አንሳ ነው?

አይደለም። «ኦን ዩር ዌይ ሆም፣ ፒክ አፕ ሰም ብሬድ» ማለት «ስትመለስ ዳቦ ይዘህ ና» ነው። መግዛቱ በውስጡ አለ፤ ዋናው ሐሳብ ግን በመንገድህ፣ ሌላ ጉዞ ሳታወጣ የሚለው ነው። አማርኛው «ይዘህ ና» ይህንኑ በትክክል ይዞታል። ያለቀ ነገር ሄዶ መቀበልም እዚህ ይገባል፦ ከልብስ ሰፊ ልብስ፣ ከመዝጋቢ ቢሮ የትምህርት ማስረጃ፣ ከጥገና ቤት ስልክ። ማስታወቂያ ላይ «ሬዲ ፎር ፒካፕ» ተብሎ ካያችሁ ዕቃው ተዘጋጅቷል፣ መጥታችሁ ውሰዱ ነው፤ እኛ እናመጣለን ማለት አይደለም። ወደ ቤት የሚመጣ ከሆነ «ደሊቨሪ» ይላል።

ቋንቋና ሙያ «ፒክ አፕ» ሲደረግ ከ«ለርን» በምን ይለያል?

መምህር ሳይመደብለት፣ ከዚህም ከዚያም እየሰሙና እያዩ የሚያዝ ነገር ነው። አጨዳው ካለቀ በኋላ ማሳ ላይ የቀረውን ዛላ የሚቃርም ሰው እህል እንደሚያገኝ ሁሉ፣ ከቱሪስት ጋር ሲውል እንግሊዝኛ የለመደ ልጅ «ሂ ፒክት አፕ ኢንግሊሽ ፍሮም ቱሪስትስ» ይባላል። አማርኛችን ራሱ «እውቀት ቃረመ» ይላልና ይህን ፍች «መቃረም» ብላችሁ ብትይዙት አይጠፋችሁም።

እዚህ ላይ የሥራ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ራሳቸውን ይጎዳሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብ አያያዝ የተማረ ሰው «አይ ፒክት አፕ አካውንቲንግ አት ዩኒቨርሲቲ» ብሎ ቢጽፍ ዓመታት የደከመበት ትምህርት በአጋጣሚ የተገኘ ይመስላል። በክፍል የተማራችሁትን «ስተዲድ» በሉ። «ፒክ አፕ»ን ለቃረማችሁት ተዉት፤ ለምሳሌ ዲግሪው በታሪክ ሆኖ ጣሊያንኛን ከእንግዶች ለምዳችሁ ከሆነ።

ልማድ መያዝም እዚህ ይገባል። ክፉም ደግም ሊሆን ይችላል፤ «ሂ ፒክት አፕ ኤ ባድ ሀቢት» ክፉ ልማድ ያዘ ነው።

ጉንፋን ያዘኝ ለማለት ምን ልበል?

በአማርኛ ያዡ በሽታው ነው፤ ሰው ይያዛል። በእንግሊዝኛ ይህ ይገለበጣል፤ ባለቤቱ ሰውየው ነው። «አይ ፒክት አፕ ኤ ኮልድ» ትክክል ነው። «ኤ ኮልድ ፒክት ሚ አፕ» ግን ጉንፋኑ በመኪና መጥቶ ወሰደኝ እንደማለት ይሰማል፤ የሚሰማው ሰው አይረዳውም። ለጉንፋን ይበልጥ የተለመደው «ካች» ነው፤ «ፒክ አፕ» የሚበረክተው ሆድ ለሚያውክ ተውሳክና ከአንድ ቦታ ለተገኘ በሽታ ነው። ለእንግዳ ማስጠንቀቂያ ስትሰጡ ጠቃሚ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ፕሊዝ ዶንት ስዊም ሂር፤ ዩ ካን ፒክ አፕ ቢልሃርዝያ ፍሮም ዘ ሌክ»። ጣና ውስጥ ቢልሃርዝያ ስላለ ነገሩ የቋንቋ ልምምድ ብቻ አይደለም። ለሐኪም ስትናገሩ ወይም በደብዳቤ ስትጽፉ ግን «ጎት» ወይም «ኮንትራክትድ» የተሻለ ነው።

ተሳቢ ሳይኖረው ሲመጣ፣ ለምሳሌ «ዘ ዊንድ ፒክት አፕ»፣ ምን ማለት ነው?

ነፋሱ በረታ። «ነፋስ ተነሳ» ከሚለው ጋር አንድ አታድርጉት፤ ልዩነቱ ለጀልባ ሰው ትልቅ ነው። ነፋስ ተነሳ ስንል ያልነበረ ጀመረ ማለታችን ነው፤ «ፒክት አፕ» ሲባል ግን ቀድሞም ነበረ፣ አሁን ኃይል ጨመረ ነው። ገና ከጀመረ «ዘ ዊንድ ስታርትድ ቱ ብሎው» ይባላል። ከክብራን ገብርኤል ስትመለሱ ውኃው መናወጥ ቢጀምርና እንግዳው ቢፈራ፣ «ዘ ዊንድ ኢዝ ፒኪንግ አፕ፣ ሶ ዊ አር ጎይንግ ባክ ናው» ብሎ መንገር ያረጋጋዋል፤ የምታዩትን እንደምታውቁት ይገባዋልና።

ገበያና ሥራም እንዲሁ ናቸው። «ቢዝነስ ፒክስ አፕ አራውንድ ጥምቀት» ማለት ጥምቀት ሲቃረብ ሥራው ይሞቃል፣ ገበያው ይደራል ነው። የታመመ ሰው ጤናው ሲሻሻልም ይነገራል። እዚህ ላይ ተማሪዎች «ቢዝነስ ዎዝ ፒክት አፕ» እያሉ የሚሳሳቱት አማርኛው «ተነሳ» በ«ተ» ስለሚጀምር ነው፤ «ተ» ሲያዩ ወደ ተገብሮ ይቀይሩታል። በዚህ ፍቹ ተገብሮ የለውም።

ፍጥነት ሲጨምር ግን ተሳቢው ይመለሳል፦ «ዘ ቦት ፒክት አፕ ስፒድ»፣ ጀልባዋ ፍጥነት ጨመረች።

ኔትወርክና ሬዲዮስ?

መሣሪያው ባለቤት ሆኖ ይመጣል። አባይ በረሃ ላይ ስልኩ ኔትወርክ አልይዝ ቢል «ማይ ፎን ካንት ፒክ አፕ ኤ ሲግናል»። ሬዲዮ ጣቢያ ሲስብ፣ ማይክሮፎን ድምፅ ሲይዝም ያው ነው። በኤሌክትሪክ ክራር ላይ የአውታሩን ንዝረት ወደ ድምፅ ማጉያ የሚያደርሰው ክፍልም ስሙ «ፒካፕ» ነው፤ ንዝረቱን ስለሚይዝ። ሰው የሌላውን ስሜት ወይም ስህተት ሲያስተውል ደግሞ ብዙ ጊዜ «ኦን» ይጨመርበታል፦ «ሺ ፒክት አፕ ኦን ሂዝ ሚስቴክ»፣ ስህተቱን ልብ አለችበት።

«ኢት»፣ «ሂም»፣ «ዩ» የሚሉት የት ይገባሉ?

ተውላጠ ስም ሁልጊዜ መሀል ይገባል። «ፒክ ኢት አፕ» ትክክል፤ «ፒክ አፕ ኢት» ስህተት። ሙሉ ስም ከሆነ ሁለቱም ይሆናል፦ «ፒክ አፕ ዘ ባግ»፣ «ፒክ ዘ ባግ አፕ»። ስሙ ረዥም ከሆነ ግን መጨረሻ ላይ አስቀምጡት፤ «ፒክ አፕ ዘ ባግስ ዛት አር ኒር ዘ ዶር» ይሻላል፤ ያን ሁሉ መሀል ከቶ «አፕ»ን መጨረሻ ላይ ማንጠልጠል አድማጭን ያደክማል።

ተሳቢውን መሀል የማያስገቡም አሉ። «ፒክ አፕ ስፒድ» እንዳለ ይሄዳል። «ፒክ አፕ ኦን» አይከፈልም፤ ተውላጠ ስሙ ከ«ኦን» በኋላ ነው፦ «ሺ ፒክት አፕ ኦን ኢት»። ይህ ከላይኛው ሕግ ጋር አይጋጭም፤ «ኢት» የሚከተለው «ኦን»ን ነውና።

ለመለማመድ አንድ ዓረፍተ ነገር በሦስት መልክ ጻፉ፦ ስሙን መጨረሻ ላይ፣ ስሙን መሀል፣ ከዚያም በ«ኢት» ተክታችሁ። ለአምስት የተለያዩ ስሞች ይህን ካደረጋችሁ ጆሮ ራሱ «ፒክ አፕ ኢት»ን መቃወም ይጀምራል።

ቡና መልቀም «ፒክ አፕ» ነው?

«አፕ» የለውም። ዘጌ ላይ የበሰለ ቡና ከዛፉ ሲለቀም «ዜይ አር ፒኪንግ ኮፊ» ነው። «ፒኪንግ አፕ ኮፊ» ካላችሁ ወይ ከመሬት የረገፈውን እየለቀሙ ነው፣ ወይ ከሱቅ ቡና ገዝተው እየመጡ ነው። ምስር መልቀም ሌላ ነው፤ ጠጠሩን ለይቶ ማውጣት ስለሆነ «ፒክ ኦቨር ዘ ሌንትልስ» ይባላል። ከብዙ ውስጥ አንዱን መርጦ ማውጣት «ፒክ አውት»፣ ደካማን እየለዩ ማስቸገር «ፒክ ኦን»፣ ምግብን ሳይፈልጉ መነካካት «ፒክ አት» ነው። ጭራይቱ ቃል ስትለወጥ ግሱ እንደ አዲስ ግስ መታየት አለበት።

ፒካፕ የምንለው መኪናስ ከዚሁ የመጣ ነው?

ስሙ ያው ነው፤ ከኋላ ክፍት የዕቃ መጫኛ ያለው፣ ሲንግል ወይም ደብል ጋቢና የምንለው መኪና ነው። ስም ሲሆን በአንድ ቃል ወይም በጭረት ተያይዞ ይጻፋል፤ ግስ ሲሆን ሁለት ቃል ነው። ሆቴሎች «ፍሪ ኤርፖርት ፒካፕ» ብለው ሲጽፉ ግን ስለ መኪናው ዓይነት መናገራቸው አይደለም፤ እንግዳውን ከአውሮፕላን ማረፊያ በነፃ እንወስዳለን ማለታቸው ነው፤ የሚመጣው ሚኒባስም ሊሆን ይችላል።

በትክክል የሚነበበው እንዴት ነው?

አራት ነገር ጠብቁ። «ፒ» አጭር ናት። አፍ ሳይለጠጥ፣ በ«ፒ» እና በ«ፕ» መካከል ያለች ድምፅ ናት፤ ካስረዘማችኋት የተራራ ጫፍ የሚል ሌላ ቃል ይሆናል። በግና መርከብ በእንግሊዝኛ የሚለዩት በዚሁ ድምፅ ነው። ሁለተኛ፣ «ፕ»ን ወደ «ጵ» አታጥብቁት፤ ትንፋሽ ይውጣበት። ሦስተኛ፣ ሁለቱ ቃላት ተያይዘው ይነበባሉ፦ «ፒካፕ»። ኃላፊ ጊዜው «ፒክድ አፕ» ሳይሆን «ፒክታፕ» ነው፤ ከ«ክ» ቀጥሎ የሚመጣው የኃላፊ ጊዜ ምልክት «ት» ሆኖ ስለሚሰማ። አራተኛ፣ ግስ ሲሆን ድምፅ ጎላ የሚለው «አፕ» ላይ ነው፤ መኪናው ወይም አገልግሎቱ ሲሆን «ፒክ» ላይ።

ቅኔ ለተማረ ሰው ይህ እንደ ኅብር ይታይ?

ዲማም ሆነ ዋሸራ የቅኔ ወንበር ባለበት አገር ይህ ጥያቄ መምጣቱ ደግ ነው። ኅብር ላይ ባለቅኔው አንዱን ቃል ለሁለት ነገር አውቆ ያቆመዋል፤ ሁለቱም ፍች አንድ ላይ እንዲሰማ ይፈልጋል። በ«ፒክ አፕ» ላይ ተናጋሪው የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ዓረፍተ ነገሩ ይዘጋቸዋል። ቅኔ የተማረ ሰው የሚያተርፈው ሌላ ነው፦ በጎን ያሉትን ቃላት ሳይመረምር ወደ ፍች አለመሮጥን ለምዷል።

ፈተና ላይ እንዴት ይመጣል?

ብዙ ጊዜ ባዶ ቦታ ተትቶ አራት ምርጫ ይሰጣል፤ «ፒክ አፕ»፣ «ፒክ አውት»፣ «ፒክ ኦን»፣ «ፒክ አት»። ለምሳሌ «ኩድ ዩ ባዶ ቦታ ዩር ሲስተር ፍሮም ስኩል?» ሲል ቁልፉ «ፍሮም ስኩል» ነው፤ ከየት የሚል ቦታ ካለ ሄዶ መውሰድ ነው፣ መልሱ «ፒክ አፕ»። ከብዙ ሰዎች መካከል የሚል ካለ «ፒክ አውት»፤ ያስለቀሰ፣ የበደለ ልጅ ካለ «ፒክ ኦን»። በንባብ ክፍል ደግሞ የተሰመረበት «ፒክት አፕ» ከየትኛው ቃል ጋር ይቀራረባል ተብሎ ይጠየቃል። ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት በራሳችሁ አማርኛ ፍቹን አውጡ፤ «ሊፍትድ» የሚለው ምርጫ አጠገብ ሊኖር ስለሚችል ቀድሞ ያየው ሰው እርሱን ይዞ ይሄዳል።

ከዚህ ሌላ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። ለምሳሌ «ፒክ አፕ ዘ ቢል»?

ሂሳቡን ከፈለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለሌሎችም ጭምር። «ሌትስ ፒክ አፕ ዌር ዊ ሌፍት ኦፍ» ካቆምንበት እንቀጥል ነው፤ መምህራን ክፍል ሲጀምሩ ይሉታል። «ፒክ አፕ ዘ ፒሰስ» ከመከራ በኋላ ኑሮን መልሶ ማቃናት ነው። «ፒክ አፕ አፍተር» ሌላው ያዝረከረከውን እየተከተሉ ማንሳት ነው፤ «ፒክ ዩርሰልፍ አፕ» ከወደቁበት መነሳት፣ መበርታት። «ፒክ ሚ አፕ» በጭረት ተያይዞ ስም ሲሆን የሚያነቃቃ መጠጥ ነው፤ የዘጌን ቡና ለእንግዳ ስታቀርቡ ልትሉት ትችላላችሁ።

በመደበኛ ደብዳቤ ልጠቀምበት?

ነውር የለበትም፤ ለሆቴል፣ ለጉዞ፣ ለሥራ ባልደረባ በሚጻፍ መልእክት ልክ ነው። ለነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻና ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን ፍቹን ለይታችሁ በአንድ ቃል ተኩት፦ ዕቃ መቀበልን በ«ኮሌክት»፣ መልመድን በ«አኳየር»፣ መቀጠልን በ«ሪዙም»፣ መሻሻልን በ«ኢምፕሩቭ»፣ ድምፅ ወይም ምልክት ማግኘትን በ«ዲቴክት»። የትኛውን መተካት እንዳለባችሁ ካልለያችሁ ፍቹ ገና አልጠራላችሁም ማለት ነውና ወደ «ምንን?» ተመለሱ።